ውጫሌ ላይ ማንም እጁን አላነሳም

ሰው ምን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ የሚፈልገውን የሚናገር ይመስላችኋል? እኔ ይመስለኝ ነበር። እንጀራዬንም የምበላው በዚሁ እምነት ነበር። ደሴ በሚገኝ አንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል እሠራለሁ። ድርጅታችን ለገበሬዎች በስልክ ምክር ይሰጣል፤ ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ዘር ለየትኛው መሬት እንደሚስማማ፣ ማሽላው ላይ የወጣው ትል በምን እንደሚጠፋ። ሠራተኞቻችን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠው የገበሬ ጥሪ ሲመልሱ ይውላሉ። እኔ ደግሞ እነሱን «ምን ጎደላችሁ? ምን ይሻላችኋል?» እያልኩ እዞራለሁ። መጠየቅ ከልጅነቴ ያለብኝ አመል ነው። እናቴ «የዚች ልጅ ጥያቄ ለቅሶ ቤት እንኳ አያርፍም» ትል ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን አቶ መላኩ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ስሚ ትዕግሥት፣ ሠራተኛው ከሳምንቱ ጥቂቱን ቀን ከቤቱ፣ ጥቂቱን ከቢሮ ሆኖ የሚሠራበት አሠራር ልንጀምር ነው። ሃይብሪድ ይሉታል።»

«እኔ እስከ ዛሬ ሃይብሪድ የማውቀው በቆሎ ነው» አልኳቸው።

ሳቁና ቀጠሉ። «ሐይቅ ቅርንጫፍና ውጫሌ ቅርንጫፍ ሂጂ። ሰብስበሽ ጠይቂያቸው። የፈለገ ቅርንጫፍ ይጀምራል፣ ያልፈለገ በነበረበት ይቀጥላል። ሐሙስ ቦርዱ ይሰበሰባል። አንዴ ከጸደቀ ለዓመት አይነካም። እስከ ረቡዕ ማታ መልሱን አድርሺልኝ።»

ቀላል ሥራ ነው ብዬ ሰኞ ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ ሐይቅ ወረድኩ።

የሐይቁን ቅርንጫፍ የሚመሩት አቶ ደረጀ ናቸው። ሰው ሳይሆን ወንበር የሚቆጥሩ አለቃ ናቸው ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ራሳቸው ይኩራሩበታል። ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ በሠራተኞቹ ጀርባ ሲያልፉ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ይደፋል። ሠራተኞቹን ሰብስቤ «ከሳምንቱ ጥቂት ቀን ከቤቱ መሥራት የሚፈልግ እጁን ያውጣ» አልኩ። ክፍሉ በእጅ ተሞላ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር እጁን አወጣ።

«አንተ ደግሞ ቤትህ ሆነህ የማንን በር ልትጠብቅ ነው?» አልኩት።

«ከሁሉም ጋር ልሁን ብዬ ነው» አለ።

ትንሽ ቆይቶ አቶ ደረጀ ለጉዳይ ወጡ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም፤ ኮት ብቻ። በየወንበሩ መደገፊያ ላይ አንዳንድ ኮት ተሰቅሏል። ድመት ከሌለች አይጥ ትፈነጫለች ይባል የለ? ኮቱ «አለሁ» ይላል፣ ባለቤቱ ዋርካ ሥር ሻይ ይጠጣል። የቀረችው መሠረት የምትባል ሴት ብቻ ነበረች። ከአንድ ገበሬ ጋር የጀመረችውን ስትጨርስ ጠጋ አልኳት።

«ቤትሽ ለሥራ ይመቻል?»

«የት ይመቻል እቴ! አንድ ክፍል ናት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማሽኑን እዚያው ነው የሚያሽከረክረው። ከነልጆቹ ጩኸት ገበሬውን መስማቴን እንጃ።»

«ታዲያ ለምን እጅሽን አወጣሽ?»

በሩን ገልመጥ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እዚያ የሚጮህብኝ ማሽኑ ብቻ ነዋ።»

ሳቅኩ፣ ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን አልመረጡም፤ ቢሮውን ነው የሸሹት። ይህን ሳውጠነጥን ሐይቅ አደርኩ። ሰው «ቤቴ ይሻለኛል» ሲል ስለ ቤቱ ነው የሚናገረው ወይስ ስለ አለቃው?

ማክሰኞ ጠዋት ውጫሌ ስደርስ ሌላ ዓለም ገባሁ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ጋሽ ይማም ናቸው፤ ሪዛቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። እሳቸው ቢሮ ሥራ የሚጀመረው በምርቃት ነው። በተራ አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው «አሚን» ይላል። የዚያን ዕለት ተራው የኃይሌ ነበር። ኃይሌ ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅኔ የቆጠረ፣ ኋላ ኮምፒውተር የተማረ ቀልደኛ ወጣት ነው።

«ጥሪው የሰላም ይሁን፣ መስመሩ አይቆረጥ፣ ገበሬው ይስማን!»

«አሚን!» አሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም።

ጥያቄዬን አቀረብኩ። ማንም እጁን አላነሳም። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩት።

«ሰማንሽ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ይማም። «ቤት ውለን ምን እንሠራለን? እዚሁ ደህና ነን።»

«አንድም ሰው?»

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ፈገግ ብሏል። ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ሰዓዳ ብቻ ወለሉን ታያለች። የሻርቧን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። አየኋት፣ ግን አይቼ አለፍኩ። ልብ ካላየ ዓይን አይፈርድም ማለት ይኸው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ምሥጢራቸውን ያገኘሁ መሰለኝ። እንግዳ ባዶ እጁን አይቀርብም ብዬ ከአንድ ምግብ ቤት ትኩስ ጥብስ አስጠቅልዬ መጣሁ። ሁሉም የምሳ ዕቃውን ከፍቶ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ይገለብጣል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። ጥብሴን ልጨምር ስል ጋሽ ይማም እጃቸውን በቀስታ ትሪው ላይ ጋረዱ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አትቀየሚን። እሱን ማታ ትበዪዋለሽ።»

ማክሰኞ ነው፣ ጾም አይደለም። ግራ ገባኝ። ኃይሌ አስረዳኝ፦ «እነሱ የኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የነሱን አንበላም። ቢሮው ሲከፈት ጋሽ ይማም ‹ሁለት ትሪ ከሚቀርብ ሥጋው ይቅር› አሉ። ከዚያ ወዲህ በፍስክም በጾምም እዚህ ትሪ ላይ የጾም ነው የሚቀርበው። በረመዳን ደግሞ እኛም ትሪውን አናወጣም፤ ደጅ ወጥተን ቀማምሰን እንመጣለን።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ትሪ ያለበትን ቢሮ ትቶ ቤቱ ብቻውን የሚበላ ማን ነው? እንዲያውም ስለራሴ አሰብኩ። እኔም ከቤት መሥራትን ወድጄው አላውቅም፣ ግን ቤቴ ማንም ስለማይጠብቀኝ ነው። አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ አለቃው ክፉ የሆነበት ቤቱን ይመርጣል፣ አለቃው ደግ የሆነበት ቢሮውን። ይህን ለአቶ መላኩ እስክነግር ቸኮልኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቅ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ስይዝ ከጎኔ ሰዓዳ መጥታ ተቀመጠች። ፈቃድ ጠይቃ መውጣቷ ነው። ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ። አቶ መላኩ ናቸው።

«ሐይቅ በሙሉ ድምፅ ፈልጓል» አልኳቸው። «ውጫሌ ግን አንድም ሰው አልፈለገም። አዎ፣ አንድም። ተዋደው ነው የሚኖሩት።»

«እንግዲያው ውጫሌን ከአሠራሩ ውጭ ብዬ እጽፋለሁ» አሉና ዘጉ።

ሰዓዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ወዲያው የእሷም ስልክ ጠራ። አንድ ገበሬ ነው፤ የስልኳን ቁጥር ገበሬዎቹ መዳፋቸው ላይ የጻፉት ይመስል ሁሉም ያውቁታል።

«አያ ሰይድ፣ ጤናዎት እንዴት ነው? አልሐምዱሊላህ። የለም የለም፣ ጤፉን አሁን አይዝሩት! መሬቱ ገና ውኃ አልጠገበም፤ ሰሞኑን ዝናቡ ይቋረጣል ተብሏል። ትንሽ ይታገሱኝ፣ እኔው እደውልልዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

መኪናው በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማት ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «እኔም ልዘራ ነበር፣ ተውኩት» አሉ።

«ሚኒባስ ውስጥም ትሠሪያለሽ ማለት ነው» አልኳት።

«ወላሂ፣ ወንዝ ዳር ልብስ ሳጥብም ይደውላሉ። ድምፄ እስከደረሰ ድረስ እነሱ የት እንደተቀመጥኩ ምን ገዷቸው?»

«ታዲያ ከቤት መሥራትን ለምን አልፈለግሽም?»

የሻርቧን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አላውቅም። «ሐይቅ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?»

«እናቴ ታማብኛለች» አለች። ከዚያ እንባዋ ቀደማት።

እናቷ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለች መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። የቀኝ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ሰዓዳ ውጫሌ ቤት ተከራይታ ትሠራለች፣ ባገኘችው ቀዳዳ ሁሉ ወደ እናቷ ትሮጣለች። ውጫሌ ልትወስዳቸው ብትሞክር «ባሌን ከቀበርኩበት አልነቀልም» ብለው አለቀሱ። ቀን ቀን የሚያገላብጧቸው ጎረቤታቸው እመት ዘሃራ ናቸው፤ እሳቸውም የወሩ መጨረሻ ላይ ልጃቸው ዘንድ ወደ ባቲ ሊሄዱ ነው።

«እና ምን አሰብሽ?»

«ሥራውን እለቃለሁ።»

«ሰዓዳ! ጠዋት እኮ እጅሽን ብታነሺ ኖሮ…»

«እንዴት ብዬ ላንሳ፣ እህቴ? ሁሉም ‹እዚሁ ደህና ነን› ሲል እኔ ብቻ ‹ቤቴ ይሻለኛል› ልበል? ከትሪው የተነሳሁ፣ እነሱን የጠላሁ አይመስልም? ለጋሽ ይማም ‹ላገባ ነው› እላቸዋለሁ። መርቀው ይሸኙኛል። በዚያ ብሄድ ይሻለኛል።»

ፍቅር ሰውን እንዲህ አፍ ያስይዛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሐይቅ ላይ ሰው በፍርሃት እጁን ያወጣል፣ ውጫሌ ላይ በይሉኝታ እጁን ይደብቃል። እኔ ደግሞ እጅ ቆጥሬ «አወቅሁ» ብያለሁ።

ሐይቅ ስንደርስ ወደ ማረፊያዬ አልሄድኩም። «እናትሽን ልጠይቃቸው» ብያት በባጃጅ እስከሚያስገባው ሄደን፣ ቀሪውን በእግራችን አርዲቦ ደረስን። ቤቷ ትንሽ ናት፣ ንጹሕ ናት። ሰዓዳ ገና ከመግባቷ ውኃ አሙቃ እናቷን አጠበቻቸው፣ አገላብጣ አስተኛቻቸው። እናቷ መናገር ያቅታቸዋል፤ ደህናዋን እጃቸውን አንስተው ልጃቸው ራስ ላይ አኖሩና ለረጅም ጊዜ አላነሷትም። ሰዓዳም አልተንቀሳቀሰችም። እመት ዘሃራ በር ላይ ተቀምጠው ዱአ ያደርጋሉ፤ ለታማሚዋ፣ ለሰዓዳ፣ ለእኔ፣ ለመንገደኛው፣ ለከብቱ ሳይቀር።

ያ አመሌ መጣብኝ። «እመት ዘሃራ፣ ለራስዎ ምንም አይለምኑም?»

«ለራሴ መለመን አላውቅበትም፣ ልጄ፤ አፌ ይያዛል። ለሰው ስለምን ግን መላኢካው ‹ላንቺም› ይለኛል። እሱ ይበቃኛል።»

ስወጣ ሰዓዳ ተከትላኝ መጣች። «አደራ» አለችኝ፣ «ለማንም እንዳትናገሪብኝ። ይህ የኔና ያንቺ ነው።»

አደራ ከባድ ነው። ብናገር አደራ በላሁ፣ ዝም ብል ሰዓዳ እንጀራዋን ታጣለች። ሐይቅ ስደርስ ለአቶ መላኩ ደወልኩና «ውጫሌን ገና አይጻፉት» አልኳቸው።

«ምን ተገኘ?»

«የጠየቅሁበት መንገድ ልክ አልነበረም። እስከ ነገ ማታ ይስጡኝ።»

«እጅ አወጡ፣ አላወጡም ነው እኮ ነገሩ!» ብለው ተነጫነጩ፣ ግን ሰጡኝ።

ረቡዕ ጠዋት ውጫሌ ተመልሼ ምሳ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ሰዓዳ በጠዋት መኪና ተመልሳ ቦታዋ ነበረች፤ ስታየኝ ፊቷ ገረጣ። ትሪው ቀረበ፣ ተከበበ፣ እጅ ታጠበ። ተናገርኩ።

«ትናንት ስለራሳችሁ ጠየቅኋችሁ፣ ስህተት ነበር። ዛሬ ማንም ስለራሱ እንዳይነግረኝ። ከዚህ ትሪ ዙሪያ ካሉት ውስጥ ቤቱ ሆኖ ቢሠራ የሚቀለው ማን ነው? አንዱ ስለ ሌላው ይለምን።»

እንጀራ የቆረሰ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ጋሽ ይማም ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ኃይሌን አዩት። ኃይሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። የትናንቱ ቀልደኛ ዛሬ ቀልድ አልነበረውም።

«እኔ… እኔ ስለ ሰዓዳ እለምናለሁ። እናቷ ታመዋል። እናውቃለን።»

ሰዓዳ ደነገጠች፤ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «አልተናገርኩም» ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«እህታችን አልነገረችንም» አሉ ጋሽ ይማም። «ልጄ፣ አምባሰል እኮ ነው፣ ምን ይደበቃል? ገበሬው ሁሉ ይነግረናል። አያ ሰይድ ራሱ ‹የልጅቷ እናት እንዴት አደሩ?› ይለኛል። አንቺ ስላልነገርሽን ነው ዝም ያልነው።»

«እና ትናንት ለምን…?» አለች ሰዓዳ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።

«ትናንትማ እንዴት እጃችንን እናንሳ? ይህች ልጅ ለምን እንደምትመጣ ሰምተን፣ አንቺ ሳትኖሪ ገና በዋዜማው ተማክረን ነበር። ‹እኛ ቤት መዋል እንፈልጋለን ካልን፣ ሰዓዳ ወደ እናትሽ ሂጂልን ያልናት ይመስላታል፤ የታመመ ያለው ሰው ሆደ ባሻ ነው› አልን። እንዳይከፋሽ ብለን ነው ሁላችንም እጃችንን የሰበሰብነው።»

«እኔም እኮ የጠላኋችሁ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው!» አለችና ፊቷን በሻርቧ ሸፍና አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አንዷ ሳቀች፣ የሳቀችውም ወዲያው አለቀሰች። ለካ ትናንት ያ ሁሉ ፈገግታ አንዱ አንዱን እንዳያስከፋ የተደረገ ጥንቃቄ ነበር። እሷን ለማቆየት ብለው ሊያባርሯት ነበር።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! አንዱ ስለ ሌላው ልመናውን አዥጎደጎደው። የአንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀበላት እንደሌላት ወጣ። አንዷ ነፍሰ ጡር መሆኗን ከእሷ በፊት ከጎኗ የተቀመጠችው ተናገረች። በመጨረሻ ኃይሌ ቀልዱ ተመለሰለትና «እኔ ደግሞ ስለ ጋሽ ይማም እለምናለሁ። ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ካለ ቆይቷል» አለ።

«እኔን ተዉኝ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ይማም፣ እጃቸው ግን ጉልበታቸውን ያሻሽ ነበር።

«እኔ ብቀር ትሪውስ?» አለች ሰዓዳ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ጋሽ ይማም መለሱላት። «ማክሰኞና ሐሙስ ሁላችንም እንመጣለን። በነዚያ ቀናት ትሪው ሙሉ ይሆናል፤ እናትሽ ዘንድ የሚውል ሰውም አብረን እንፈልጋለን። በቀረው ቀን እናቱ ያለችው እናቱን ይይ፣ ጉልበቱ ያመመው…» ብለው ቆም አሉ፣ ሁሉም ሳቀባቸው።

ለአቶ መላኩ ወዲያው ደወልኩ። «ውጫሌ ፈልጓል» አልኳቸው።

«ትናንት አንድም ሰው አልፈለገም ብለሽኝ?»

«አዎ። ትናንትም ይፈልጉ ነበር።»

ሐሙስ ቦርዱ ለሁለቱም ቅርንጫፍ አጸደቀ። ከዚያ በፊት ሐይቅ ላይ ያየሁትን ኮት ሁሉ ለአቶ መላኩ ነግሬያቸው ነበር፤ «ቤት መዋሉን ይፍቀዱላቸው፣ ግን የሸሹትን ነገር ቤታቸው አይፈታላቸውም» አልኳቸው። አቶ ደረጀ ዛሬም ወንበር ይቆጥራሉ አሉ፤ የሚቆጠረው ወንበር ብቻ ቀንሷል። መሠረትን ሳገኛት «ማሽኑ እንዴት ነው?» እላታለሁ። «ይጮሃል፣ ግን አይገላምጥም» ትለኛለች።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ አለቃ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም የቤት አባወራ ወይም የእድር ዳኛ። ሰብስባችሁ «የምትፈልጉትን ንገሩን» ብላችሁ ሰው ዝም ሲላችሁ «ተስማማ» አትበሉ። ሲስማማም ቶሎ አትመኑት። እኔ ከዚያ ወዲህ እጅ አላስወጣም። ሰው የሚሰጠኝ መልስ ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ ደግሞ የተቀመጠበት ክፍል እንደሆነ ገብቶኛል። ክፍሉ ሲከፋ ሰው የማይፈልገውን ይለምናል፤ ያልጠበቅሁት ይኸኛው ነው፣ ክፍሉ ሲያምርም የሚፈልገውን ይውጣል። የምንዋደድ ሰዎች ይልቁንም በደንብ እንጠያየቅ። መዋደዳችን እየጋረደን ስንቱ «ላገባ ነው» ብሎ ከመካከላችን ወጥቶ ይሆን? እኔ ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የሰዓዳ እናት ክረምቱ ሲወጣ አረፉ። የውጫሌ ቢሮ ሰዎች በሙሉ አርዲቦ ወርደው ነበር፤ እኔም ከደሴ ሄድኩ። ሰዓዳ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጥታ አቀፈችኝና ለብዙ ጊዜ አልለቀቀችኝም።

«ረቡዕ ነው ያረፈችው» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። «በሥራ ሰዓት። ከአንድ ገበሬ ጋር እየተነጋገርኩ፣ ራሷ ጭኔ ላይ ነበር።»